ሰባት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም

ጋሽ ግራም ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የጭነት መኪና ሾፌሮች ናቸው፤ ያወጡለትም በፍቅር ሳይሆን በንዴት ነበር። ሰላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የእህል መጋዘኑ በር ላይ፣ በመስታወት በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መኪና ሲመዝን አንዲት ግራም አሳልፎ አያውቅም። እሱ ግን ስሙን እንደ ሹመት ነው የተቀበለው። ጡረታ ሲወጣ በተደረገለት ሽኝት ላይ አለቃው በእውነተኛ ስሙ ሲጠራው፣ ግማሹ ሰው ማን እንደሆነ ግራ ገብቶት ወዲያ ወዲህ ሲያይ ነበር።

ሥራው ለሚችለው ሰው ቀላል ነው። መኪናው እንደሞላ ይገባና ሚዛኑ ላይ ይቆማል፤ ቁጥሩ ይጻፋል። ጭነቱን አራግፎ ሲወጣ እንደገና ይቆማል፤ ቁጥሩ ይጻፋል። ከሙሉው ላይ ባዶው ሲቀነስ የሚቀረው እውነቱ ነው። ሾፌር ቢምል፣ ነጋዴ ቢቆጣ፣ አለቃ ስልክ ቢደውል፣ የጋሽ ግራም መልስ አንድ ነው፤ «እኔ ምን አውቄ፣ ልዩነቱን ጠይቁት» ይላል። ይህንን አመሉን ይዞ ነበር ቤቱም የሚገባው። ሽንኩርት ተገዝቶ ሲመጣ ይመዝናል። ሴት ልጁ የተወለደች ጊዜ በየቅዳሜው የኩሽና ሚዛን ላይ እያስተኛ ሲመዝናት ከረመ። ልጅቷ የመጀመሪያ እርምጃዋን የተራመደችው ከሚዛኑ ለመሸሽ ነው እያሉ ዘመዶቹ እስከ ዛሬ ይስቁበታል።

ሚስቱ የሕፃናት አስተማሪ ነበረች፤ ሰፈሩ በሙሉ «ቲቸር» ነው የሚላት። ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ሰላሳ ሕፃን ባንድ ጊዜ ሲያለቅስባት የዋለች ሴት፣ ማታ ባል ላይ የምትጮህበትን ጉልበት ከየት ታመጣለች? በትዳር ዘመኗ ከባሏ የጠየቀችው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው ባሕር ማየት ነው፤ ሲጋቡ «ወስጄ አሳይሻለሁ» ብሏት ነበር። ሁለተኛው የኩሽና መስኮት ነው። በፀሐይ መውጫ በኩል ያለው የኩሽናው ግድግዳ ድፍን ስለሆነ፣ በጠራራ ቀን አምፖል ካልበራ ስኳርና ጨው መለየት አይቻልም። «እዚህ ጋ አንድ መስኮት ብታስከፍትልኝ» ትለዋለች፤ «በሚቀጥለው ዓመት» ይላታል። ባሕሩስ? እሱም በሚቀጥለው ዓመት። እህል ላይ እንዲያ ጥንቁቅ የሆነ ሰው፣ ዓመት ላይ ሲደርስ እጁ የሚያፈስ ሆነ። ሰላሳ «የሚቀጥለው ዓመት» እንዲሁ አለፈ።

ጡረታ ሲወጣ ግን ልብ ገዛ። ቤት መዋል ሲጀምር ያንን ጨለማ ኩሽና ለመጀመሪያ ጊዜ በቀን አየው፤ እሷ እዚያ ውስጥ ስንት ዓመት እንደቆመች አሰበ። ይቅርታ የሚለው ቃል ግን ከአፉ የሚወጣ ሰው አይደለም። ስለዚህ ሁለቱንም ባንድ ላይ ሊያደርግላት ተነሣ። ባሕሩን በግልጽ፣ መስኮቱን በድብቅ።

የባሕሩን ነገር ባሕር ማዶ ለምትኖረው ልጃቸው ነገራት። «አባዬ፣ አንተ እሺ በል እንጂ ሌላውን ለእኔ ተወው» አለችው። አሥር ቀን እንግዳ ማረፊያ ውስጥ፣ ውኃው አጠገብ፣ ሁለቱ ብቻ። ከዚያ ሁለት ቀን እሷ የምትኖርበት ከተማ፣ የልጅ ልጃቸውን አይተው መመለስ። ትኬቱ በሁለት አየር መንገድ የተቀጠለ ነው፤ መሐል ላይ አንድ ቦታ ወርደው ሻንጣቸውን ይቀበሉና እንደገና ያስረክባሉ።

የመስኮቱን ነገር ለግንበኛ ነገረ። እነሱ በወጡበት ጠዋት ግድግዳው ይከፈታል፣ ሲመለሱ መስኮቱ አልቆ ይጠብቃታል። የታችኛው ደፉ ዕቃ ስታጥብ ክርኗ የሚደርስበት ላይ እንዲሆን ፈለገ፤ ቀና ስትል ውጭውን እንድታይ፣ ሲደክማት ደገፍ እንድትልበት። አንድ ቀን ሳህን ስታለቃልቅ ከኋላዋ ቆሞ የክርኗን ከፍታ በግድግዳው ላይ በዓይኑ ያዘ፤ ወጣ ስትል በሜትር ለካውና «98» ብሎ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ በኪስ ቦርሳው ውስጥ ሸጎጠው። ከእንግዲህ ሁለታችን ብቻ ነን፣ የቀረንን ዕድሜ እንደ አዲስ እንጀምረዋለን፤ ጉዞው ለእሱ ይህ ነበር።

እሷም በእነዚያ ወራት ለስለስ ብላለት ነበር። ሩዝ መቀቀል አስተማረችው። የልብስ ማጠቢያው ቁልፎች የትኛው ለምን እንደሆነ አሳየችው። አንድ ቀን ደግሞ የኩሽናውን ጣሳዎች በሙሉ ደርድራ፣ ለሕፃናት በምትጽፍበት በዚያ ትልልቅና ክብ ክብ ፊደሏ «ጨው»፣ «ስኳር»፣ «በርበሬ»፣ «ምስር» እያለች ስትለጥፍባቸው አገኛት።

«ሰላሳ ዓመት ያልጠፋሽ ጨው ዛሬ ጠፋሽ?» አላት።

«ጡረታ የወጣ ሰው ኩሽና መልመድ አለበት» አለች፣ ዓይኗን ከጣሳው ላይ ሳታነሳ። ደስ አለው። እኔን ተማሪዋ አደረገችኝ እያለ ለጓደኞቹ አወራ።

መንገዱ ሁለት ቀን ሲቀረው የእጅ ሚዛኑን አውጥቶ የራሱን ሻንጣ መዘነ፤ ዘጠኝ ኪሎ ከአራት መቶ ሆነ። የመጀመሪያው አየር መንገድ ለአንድ ሰው ሃያ ሦስት ኪሎ፣ ሁለተኛው ሃያ ኪሎ ብቻ እንደሚፈቅድ በቀይ እስክሪብቶ ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፎታል።

«ያንቺስ ሻንጣ የታለ?»

«እህቴ ጋ ነው። ሻንጣው የሷ አይደል? እዚያው ሸክፌዋለሁ። ሱቋ ውስጥ መዝነነዋል፤ አሥራ አምስት ተኩል ነው።»

ጋሽ ግራም ቅር አለው። በቤተሰቡ ውስጥ ሌላ ሰው የመዘነው ዕቃ ይኼ የመጀመሪያው ነው። ግን ጉዞን በነገር መጀመር አልፈለገምና ዋጥ አደረገው።

የመሄጃው ቀን ጎሕ ሲቀድ እህቷና የእህቷ ባል መኪና ይዘው መጡ። የሚስቱ ሻንጣ ከኋላ ተጭኗል። ጋሽ ግራም ከቤት ሲወጣ ሳሎኑን ዞር ብሎ አየ፤ የሚስቱ እናትና አባት ፎቶ የነበረበት ምስማር ላይ የቀን መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል። «ፎቶውስ?» ሲላት «መስታወቱ ተሰንጥቆ ፍሬም ቤት ሰጥቼዋለሁ» አለችው። እስከዚያች ደቂቃ አላስተዋለም ነበር፤ በየቀኑ የሚያየው ነገር ሲጎድል ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚያየው።

በር ላይ ጎረቤታቸው ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጣች። የሚስቱ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እህቷም አለቀሰች። ጋሽ ግራም ሁለቱን እያፈራረቀ አየና፣

«ኧረ አሥራ ሁለት ቀን ነው እኮ የምንሄደው!» አለ።

ሳቁ። ግን ሳቃቸው ዘገየ፤ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ ነው የሳቁት። ጎረቤታቸው ወደ እሱ መጥታ እጁን በሁለት እጇ ያዘችና «አይዞዎት ጋሼ» አለችው። ሽርሽር የሚሄድን ሰው አይዞህ ይሉታል? አውሮፕላን የምፈራ መስሏት ነው ብሎ አለፈው። በእርግጥም ትንሽ ይፈራ ነበር።

አውሮፕላን ማረፊያው ሲደርሱ የሚስቱን ሻንጣ ሊያወርድ እጁን ሲዘረጋ የእህቷ ባል ቀደመው። «ወገብዎን ጋሼ፣ ይተዉት እኔ አለሁ» እያለ ጋሪ ላይ ጫነው፤ እስከሚፈቀድለት በር ድረስም ገፋው። ሻንጣ የምትረከበው ልጅ ባንኮኒ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ሚስቱ ራሷ በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ሚዛኑ ላይ አወጣችው። ቀይ ቁጥር በራ። ቁጥር በበራበት ዓይኑን ላለመላክ ጋሽ ግራም ዓይነ ስውር መሆን ይኖርበታል። ሃያ ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ።

«አሥራ አምስት ተኩል ነው አላልሽኝም?»

ሚስቱ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «የእህቴ ሚዛን ውሸታም ነዋ፤ ምን ላድርግ?»

ሃያ ሦስት ስላልሞላ ልጅቷ ምልክት አስራበት ሻንጣው ሄደ። ጋሽ ግራም ግን እዚያው ባንኮኒው ጋ ቀረ፤ እግሩ ቢራመድም ልቡ ቀረ። ያንን የሱቅ ሚዛን ገና ሁለት ወር ሳይሞላው በእጁ ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ በራሱ የብረት መመዘኛዎች እየፈተነ ያስተካከለው እሱ ነው። እንኳን ሰባት ኪሎ ሰባት ግራም አይሳሳትም። ሰባት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ተዋሽቷል፤ የዋሸውም ሚዛኑ አይደለም። እንግዲህ ለባለ ሚዛን በሚዛን ይዋሻል? ምነው ሌላ ነገር ባሳበበች።

አውሮፕላኑ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጣት። ሲነሱ እጁን አጥብቃ ያዘችው፤ እሱም ፍርሃቱ ለቀቀው። ከዚያ በኋላ አምስት ሰዓት ሙሉ፣ ከፍታው ላይ፣ በብልጭልጭ ወረቀት የተሸፈነ ምግብ እየቀረበ እየተነሳ፣ ሰባት ኪሎ ከሁለት መቶን ሲያገላብጥ ቆየ። ለልጅ ልጃቸው መጫወቻ ይሆን? መጫወቻ ቀላል ነው። መጽሐፍ? የምን መጽሐፍ። ቅቤዋን ዳቦው ላይ ቀብታ ስትሰጠው፣ የሸሚዙን ኮሌታ ስታስተካክልለት፣ «አንገትህን እንዳያምህ» ብላ የራሷን ትራስ ስታቀብለው ቀስ በቀስ አንድ ሐሳብ መጣለት። እኔ መስኮት ደብቄባት የለ? እሷም የሆነ ነገር ደብቃብኛለች። ምናልባት የሰርጌን ዓይነት ሙሉ ልብስ አሰፍታ ይዛልኝ ይሆናል፤ እዚያ ባሕሩ ዳር አብረን ፎቶ እንድንነሳ።

በዚህ ሐሳብ ብቻውን ፈገግ አለ። ሙሉ ልብስ ከነጫማው ሰባት ኪሎ አይሞላም፤ ይህንን ያውቃል። ግን ለአንድ ቀን ሂሳቡን ሊያልፈው ወሰነ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ልዩነት ያለፈው እዚያ ወንበር ላይ ነው፣ ምን ነበረበት እንደ ድሮው ባያልፍ?

«ምን ያስቅሃል?» አለችው።

«ምንም። ስንመለስ እነግርሻለሁ።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ደመና እያየች መስሎት ነበር።

መሐል ላይ የወረዱበት አውሮፕላን ማረፊያ ሰፊ፣ ቀዝቃዛና ወለሉ የሚያንሸራትት ነው። ሻንጣቸውን ተቀብለው ወደ ሁለተኛው አየር መንገድ ባንኮኒ ተሰለፉ። የእሱ ሻንጣ አለፈ። የእሷ ሲወጣ ያው ቁጥር በራ፤ ሃያ ሁለት ከሰባት መቶ። ባንኮኒው ላይ ያለው ጎልማሳ ራሱን ነቀነቀ፤ ሃያ ነው የሚፈቀደው አለ፣ ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ ትርፍ ነው።

«እንክፈለው» አለች ሚስቱ ቶሎ ብላ። ቦርሳዋን መክፈት ጀመረች።

«ምን ተደርጎ!» አለ ጋሽ ግራም። ትርፉን ከጠዋት ጀምሮ አስቦበታል፤ ፊቱ በራ። በዚህ አገሩም ቋንቋውም በማይታወቅ ቦታ ውስጥ በመጨረሻ የእሱ ሥራ መጣ። «የእኔ እኮ ባዶ ነው፤ ወደ እኔ እናዞረዋለን። እንኳን ሦስት ኪሎ፣ አሥር ኪሎም ይጨምርልናል።»

«ተወው አልኩህ፣ እባክህ…»

«ቆይ እንጂ ሴትዮ፣ ያንቺን ምስጢር አላይብሽም!» አለና እየሳቀ ሻንጣውን ከሚዛኑ አውርዶ ተንበረከከ። ዚፑን ሳበው።

ከላይ ለባሕሩ የገዛችው ስስ ቀሚስ ነው ያለው። ከሥሩ የሱፍ ካፖርቷ አለ። የሚሄዱበት ዳርቻ ሰው በሙቀት ልብሱን የሚያወልቅበት ነው፤ ካፖርት ምን ይሠራል? ከካፖርቱ ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ጠንካራ ነገር ነካ። ፎጣውን ገለጥ አደረገው። የእናቷና የአባቷ ፎቶ ነው፣ ከነፍሬሙ። መስታወቱ አልተሰነጠቀም። ከፎቶው አጠገብ የትምህርት ማስረጃዎቿና የልደት ወረቀቷ ያሉበት ማኅደር። ከዚያ ደግሞ የደም ግፊት ኪኒኗ። አንዱ ፓኮ ለአንድ ወር ነው። ስድስት ፓኮ ነበር።

ሳሎን ውስጥ ከእናትና አባቷ ፎቶ ጎን የሰርጋቸው ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። እሱን ፈለገ። እጁን እስከ ሻንጣው ጥግ ድረስ ሰዶ ፈለገ። የለም።

ከኋላቸው ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። ጋሽ ግራም ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። እሷ አላየችውም፤ የቦርሳዋን ማንገቻ እየጠመዘዘች ወለሉን ታያለች። ያኔ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባው። ጣሳዎቹ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ገባው። ሩዙ ገባው። የማጠቢያው ቁልፍ ገባው። «አይዞዎት ጋሼ» ገባው። የዘገየው ሳቅ ገባው። ከመከዳቱ ይልቅ ደግሞ መሳቁ አቃጠለው፤ ሲስቅ ነበር እኮ ዚፑን የከፈተው።

እጁ ግን ሥራውን ያውቃል። ካፖርቱን አነሳ፤ ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ፣ በሚዛን ቢመዘን ከዚህ አይለይም። አጣጥፎ በራሱ ሻንጣ ውስጥ ከሸሚዞቹ ላይ አስተኛው። ፎቶውን እንደነበረ በፎጣው ጠቀለለ፣ ኪኒኖቹን እንደነበሩ ደረደረ፣ ዚፑን ዘጋ፣ ሻንጣውን አንስቶ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠ። አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ባንኮኒው ላይ ያለው ጎልማሳ አውራ ጣቱን አሳየው።

ቀጣዩ በረራ ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። ትልቁ መስታወት አጠገብ ካሉት ብረት ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ከውጭ ፀሐይ ነው። እሱ ጀመረ።

«እስከ መቼ ነው?»

«ልጅቷ ብቻዋን ናት። ሥራ ትገባለች፣ ሕፃኑን የሚይዝላት የለም…»

«እስከ መቼ ነው ያልኩሽ።»

የቦርሳዋን ማንገቻ ለቀቀች። ከዚያ በቀስታ፣ «የመኖሪያ ወረቀቴን ጨርሳለች» አለች።

«ያንቺን።»

«የኔን።»

«የኔስ? መቼም ልጄ ናት። አባቴ ብላ አላሰበችም?»

ሚስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። መዋሸት ትችል ነበር፤ የጠዋቱ ውሸት ግን አሳፍሯት ይሁን አድክሟት፣ አልዋሸችም።

«ላንተም ልጀምር ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ ተይ ያልኳት።»

ጋሽ ግራም ይህንን ቃል ሲሰማ ሚዛን ላይ ድንገት የተጣለ ጆንያ ያህል ከበደው። ልጁን ለመቀየም አዘጋጅቶት የነበረው ልብ የሚሄድበት አጣ።

«ምን አደረግኩሽ?»

«አልመታኸኝ፣ አልሰደብከኝ። ምን አደረገኝ ልበል?» አለች። ድምጿ አሁንም ከፍ አላለም። «ብቻ ደከመኝ። ሁሌ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ልጅቷ እስክታድግ፣ አንተ እስክትመጣ፣ የሚቀጥለው ዓመት እስኪደርስ። ብቻዬን ማረፍ ፈለግኩ። ይኼን ደግሞ ፊት ለፊት ብነግርህ ስቀህ፣ መዝነህ፣ ይኼን ያህል ይደርሳል ብለህ ታልፈው ነበር።»

«እና መቼ ልትነግሪኝ ነበር?»

«በአሥራ አንደኛው ቀን።»

«ቀን ወጥቶለታል!»

«ልጅቷ ናት፤ መጀመሪያ ይዝናና ብላ። እኔም… ባሕሩን ካንተ ጋር ማየት ፈልጌ ነበር። ቃል የገባህልኝ አንተ ነህ።»

«እህትሽ ታውቃለች።»

አንገቷን ደፋች።

«ባሏም። ወገብዎን ያለኝ ለዚህ ነው። ጎረቤታችንም ታውቃለች።»

«እያለቀስኩ ሳለሁ መጥታብኝ ነው የነገርኳት።»

«አይዞዎት አለችኝ እኮ» አለ ጋሽ ግራም፤ «እኔ ደግሞ አመሰገንኳት።»

ሰፈር ሙሉ ሰው የሚያውቀውን ነገር እሱ ብቻ ሳያውቅ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ለሁሉም እጁን እያውለበለበ ነበር መኪና ውስጥ የገባው። አሳፈረው። ተናደደ፤ ንዴቱን ግን የሚያሳርፍበት ቦታ አጣ፤ ሰላሳዎቹ «የሚቀጥለው ዓመት» መንገዱ ላይ ቆመው ነበርና። ሰላሳ አንድ ዓመት ሞልተው የሚገቡ መኪኖች ባዷቸውን ሲወጡ አይቷል፤ እሱ ራሱ አንዱ ይሆናል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም። አሥር ቀን ባሕር ያሳዩትና ሚስቱን አራግፎ ካፖርት እንኳ በሌለበት ሻንጣ ይመለሳል። ሽርሽሩን ለእሷ የሰጣት መስሎት ነበር፤ ለካ የመሸኛ ግብዣው ኖሯል።

ስልኩ ጠራ። ግንበኛው ነው፣ ከነምስሉ። ሳያስበው ጫነው። በትንሿ መስታወት ላይ በአቧራ የነጣ ፊት መጣ።

«ጋሼ፣ ደረሳችሁ? ቲቸር አጠገብዎ ካሉ ዞር ይበሉና…» ብሎ ድምጹን ዝቅ አደረገ። «ግድግዳውን ከፈትኩት። ልክ እንዳሉኝ። እስቲ ይዩት።»

ስልኩን አዞረው። ኩሽናው ነበር፤ ግን ማንም አይቶት የማያውቅ ኩሽና። በፀሐይ መውጫ በኩል ግድግዳው ላይ ሰፊ ቀዳዳ ተከፍቶ ብርሃኑ እንደ ልቡ ይገባል። ምድጃው ላይ፣ ገበታው ላይ፣ መደርደሪያው ላይ ፈሷል፤ ክብ ክብ ፊደሎቹ ከዚያ ርቀት ይነበባሉ። ጨው። ስኳር። ምስር።

ሚስቱ በትከሻው በኩል ጎንበስ ብላ አየች። መጀመሪያ የማን ቤት እንደሆነ አላወቀችም። ከዚያ ጣሳዎቹን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ከዚያም በሌላኛው እጇ የኮቱን እጅጌ ያዘች።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ ግንበኛው። «የታችኛውን ደፍ ልሠራ ነው። በቲቸር ክርን ልክ ነበር ያሉኝ፤ ቁጥሩን ግን ሳይነግሩኝ ሄዱ። ስንት ላድርገው?»

ጋሽ ግራም ከኪስ ቦርሳው ቁራጩን ወረቀት አወጣ። 98 ይላል፣ በራሱ እጅ ጽሕፈት። ለጥቂት ጊዜ አየው፤ እሷም አየችው። መልሶ አጠፈና ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«መቶ ስምንት አድርገው።»

«መቶ ስምንት? ኧረ ለቲቸር ይበዛል ጋሼ፤ ከፍ ይልባቸዋል።»

«በእኔ ክርን አድርገው» አለ ጋሽ ግራም። «ከእንግዲህ ዕቃ የማጥበው እኔ ነኝ።»